ስምንት ያገኘው የብስኩት አክሲዮን

ገምጋሚዋ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ስም መሸፈን ነው። ከጫማ ሣጥን ክዳን የቆረጠችው፣ ጠርዙ በእጅ ላብ የጠቆረ ካርቶን አላት። የቢሮው ጸሐፊ አክሲዮናቸው የሚሸጥ ድርጅቶችን ዓመታዊ ሪፖርት ሽፋኑን ገንጥላ ታመጣላታለች። እሷ ደግሞ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በዳበሳ የሒሳብ ገጾቹን ታወጣና በየገጹ ራስ ላይ በታተመው ስም ላይ ካርቶኑን ትጭንበታለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ዘጠኝ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ "አዎ" ካለ አንድ፣ "አይ" ካለ ዜሮ።

ድርጅቱ አትርፏል? ገንዘቡስ በእርግጥ ካዝና ገብቷል ወይስ ትርፉ የወረቀት ነው? ብድሩ ከአምናው ቀለለ? ከሚሸጠው ዕቃ የሚተርፈው ከአምናው ሰፋ? ያለውን ማሽንና ሕንፃ ከአምናው በተሻለ አሠራበት? እንዲህ እያለች እስከ ዘጠኝ ትዘልቃለች። ስምንትና ዘጠኝ ያመጣ ጠንካራ ይባላል፤ ሁለትና ሦስት ያመጣ ደግሞ ዘመዶቹ ይወቁለት። ዘዴው የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ የሒሳብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ካርቶኑ ግን የራሷ ነው። ሥራ የጀመረች ሰሞን ባልደረቦቿ የሚጠጡትን ቢራ ፋብሪካ ሰባት፣ ያበደራቸውን ባንክ ስምንት፣ እጮኛቸውን ያባረረውን ድርጅት ሁለት ሲሰጡ አይታ ቆሽቷ አረረ። ያን ጊዜ ሕግ አወጣች፦ ነጥቡ በእስክሪብቶ የሚጻፈው ካርቶኑ ሳይነሳ ነው፤ ስም ከታየ በኋላ ቁጥር አይነካም። ሕጉን ማንም አላጸደቀላትም፤ ማንም ግን ደፍሮ አልሻረባትም። ለዚህ ነው በሌለችበት "እትዬ ዘጠኝ" የሚሏት። ፊት ለፊት ግን "እትዬ" ብቻ ናት።

ባል አላገባችም። አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሻይ ሲጠጡ "እኔንስ ከዘጠኝ ስንት ትሰጪኛለሽ?" ብሎ ቀለደ። አሰበችና "ስድስት" አለችው። ጥሩ ነጥብ ነበር፤ ከስድስት በላይ ያገኘ ሰው በሕይወቷ አታውቅም። ሰውየው ግን የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

የምትወደው ሰው አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ታላቅ እህቷ። እናታቸው ስትሞት ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ታናሿን በስፌት አሳደገቻት፣ የማታ ኮሌጅ ከፍላ ሒሳብ አስተማረቻት። ታናሽየዋ "እታለም" ብላ ነው የምትጠራት። በዚህ ዓመት የእታለም ጉልበት እምቢ አለና የስፌት ሱቁን ከነማሽኖቹ ሸጠች። ከሽያጩ ያገኘችው ገንዘብ የእርጅናዋ እንጀራ ነው፤ ሌላ የላትም። ባሏ ጡረተኛ ሹፌር ነው፤ የጡረታው ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ለጋዜጣ ብቻ ነው።

ገምጋሚዋ የምትሠራበት ቢሮ አክሲዮን ያሻሽጣል። ምድር ቤቱ ሽያጭ ነው፦ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሦስት መስኮቶች፣ ከተተከለ ጀምሮ የተበላሸ የተራ ቁጥር ማሽን፣ ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስታወት። እሷ የምትቀመጠው ፎቅ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን ነው። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ትሰማለች፤ ገዢዎቹን ግን አታይም።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ካርቶኗን ጭና ያልታወቀ ድርጅት ጠየቀች። "አዎ፣ አዎ፣ አዎ" እያለ ሄደ። ብድሩ ላይ ብቻ "አይ" አለ፤ ከአምናው ጨምሯል። ስምንት። ጻፈችውና ካርቶኑን አነሳች። የብስኩት ፋብሪካው ነበር፤ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚይዙት፣ በሽተኛ ጠያቂ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄደው፣ የከተማው ሱቅ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ያለው የታሸገ ብስኩት።

እጇ እስክሪብቶው ላይ ቆመ። አምና ብስኩቱ ውስጥ የማሽን ብረት ፍቅፋቂ ተገኝቶ ዕቃው ከየሱቁ ተሰብስቧል፤ ፋብሪካው ለወራት ተዘግቷል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እሷ ራሷ ሁለት ፓኬት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገልብጣለች። ካርቶኑ ስር የነበረው "አምና" ያ አምና መሆኑ ነው። ከዘጠኙ ጥያቄዎች የሚበዙት "ከአምናው ይሻላል ወይ?" ነው የሚሉት። ምድጃው በቀዘቀዘበት ዓመት ጎን ያቆሙት ዓመት ሁሉ ይሻላል። ፋብሪካው በግማሽ ጎኑ ብቻ ቢነሳም ስምንት ያገኛል።

ገባት። ቁጥሩን ግን አልነካችውም። ስም ታይቷል፤ ስም ከታየ ቁጥር አይነካም። ነጥቡን የሚያነብ ሰው ስሙንም ያነባል፣ ስሙን ያነበበ ታሪኩን ያውቃል ብላ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጠችና ወደሚቀጥለው ድርጅት ሄደች።

በሳምንቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወደ ቢሮው ስትገባ መስታወቱ ላይ የሰው ቁመት የሚያክል ወረቀት ተለጥፎ አየች። በቀይ ቀለም "8/9" ይላል። ከሥሩ "የፋይናንስ ጥንካሬ ነጥብ፦ በገለልተኛ ገምጋሚ የተሰጠ"፤ ከዚያም የብስኩቱ ሥዕል። ፋብሪካውን የመሠረተው ቤተሰብ የራሱን ድርሻ በዚህ ቢሮ በኩል እየሸጠ ነው፤ ሽያጩ አርብ እኩለ ቀን ይዘጋል። ስለ አምናው አንዲት ቃል የለችም።

ወረቀቱ ፊት እንደቆመች ስልኳ ጮኸ። እታለም ነበረች።

"አየሁት እኮ! አየሁት! ትናንት ማታ ሲለጥፉት በዚያ ሳልፍ አየሁት። አንቺን ነው አይደል ገለልተኛ የሚሉት?"

"እታለም፣ ስሚኝ..."

"ሌላ ገለልተኛ አላቸው እንዴ? የኔ ልጅ! የሱቁን ገንዘብ አርብ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁሉንም። ባሌንም አንድ ሳንቲም አላስቀርም ብየዋለሁ።"

"ሁሉንም? እታለም፣ እንዳትንቀሳቀሺ። ማታ እመጣለሁ።"

"ነይ፣ ነይ። ብስኩት ይዘሽ ነይ" አለች እታለም፤ እየሳቀች ስልኩን ዘጋችው።

ገምጋሚዋ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መዝገብ ቤት ገባች። የካቻምናውን የፋብሪካ ሒሳብ፣ ምድጃው ሳይቀዘቅዝ በፊት የነበረውን፣ ከአቧራ ውስጥ አወጣች። አንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ዘንድሮን ከካቻምና ጋር አነጻጸረች። አራት። ደግማ ሠራችው፤ አራት። ከዚያ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ሶፋ ላይ ከዋናው ሻጭ ጋር ነበር። ሻጩን በቢሮው ውስጥ "ምላሱ" ነው የሚሉት፤ እሱም ይወደዋል።

"ያ ወረቀት ከመስታወቱ ይነሳ።"

"የቱ ወረቀት እህቴ?"

"ስምንት የሚለው።"

"አልሰጠሽውም እንዴ?"

"ሰጥቻለሁ።"

"ድምር ተሳስተሻል?"

"ድምሩ ልክ ነው። ማነጻጸሪያው ነው ውሸት። አምና ፋብሪካው ተዘግቶ ነበር፣ እርስዎም ያውቃሉ። ከካቻምናው ጋር ሳነጻጽረው አራት ነው።" ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

ሥራ አስኪያጁ ፖስታውን አላነሳውም። "ስምንቱን ስትሰጪ ስሙን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"አራቱንስ?"

ፖስታውን ወደ እሱ ገፋችው።

"አይተሽ ነው" አለ ረጋ ብሎ። "ስንት ዓመት ሙሉ ስም ከታየ ቁጥር አይነካም ስትዪኝ ኖረሻል? ለዚያ ለሲሚንቶ ፋብሪካ አንዲት ነጥብ ጨምሪልኝ ብዬ እግርሽ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ምን አልሽኝ?"

"አይነካም አልኩ።"

"ታዲያ እኔም ዛሬ አይነካም አልኩ። ከማን ተማርኩ? ካንቺ።"

"ያኔ እርስዎ ውሸት እንድጨምር ነው የጠየቁኝ! እኔ አሁን ውሸት እንዲወጣ ነው የምጠይቀው። ሁለቱ አንድ ነው?"

"በቁጥር ሰው ዘንድማ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ከነካሽ ነካሽ ነው።"

ምላሱ ከሶፋው ጣልቃ ገባ። "እትዬ፣ አይናደዱ። ብስኩት እኮ ነው። ሻይ ውስጥ ነከር ቢያደርጉት ይለሰልስልዎታል።"

"አንተ ዝም በል! የምትሸጠውን ነገር አንድ ቀን እንኳን አንብበህ የማታውቅ!"

"ኧረ አነባለሁ እትዬ። ስምንት ይላል።"

ደሟ ራሷ ላይ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ ብትወረውረው ደስ ባላት፤ ግን ብርጭቆ የምትወረውር ሴት አይደለችም። ያበገናት የሥራ አስኪያጁ ተንኮል አልነበረም፤ ተንኮሉን ታውቀዋለች። ያበገናት የተመታችበት ዱላ የራሷ መሆኑ ነው። ስታስለው፣ ስታወዛውዘው፣ ሰው ስታስፈራራበት የኖረችው ዱላ። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው የኮሪደሩ አምፖል ተርገበገበ።

ማታ እታለም ቤት ሄደች። ቤቱ ሱቁ ከነበረበት ክፍል ጀርባ ነው፤ ሱቁን የገዛው ሰው ገና አልገባም። ወለሉ ላይ የማሽኖቹ እግሮች ቆመውበት የነበሩ ቦታዎች አራት አራት ሆነው ይታያሉ፤ ሌላው ሲሚንቶ ጠቁሮ እነሱ ብቻ ነጥተው። እታለም ማሽን የላትም እንጂ መርፌ መሰካቱን አልተወችም፤ ደረቷ ላይ ሦስት መርፌ ሰክታ ነበር። ባሏ ሹፌሩ ጋዜጣውን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ ይዟል።

"ዋርሳዬ መጣች" አለ። "ብስኩቱስ?"

ገምጋሚዋ ሳትቀመጥ ጀመረች። "እታለም፣ አትግዢው።"

"ምኑን?"

"የብስኩቱን። ስምንት አይደለም። አራት ነው።"

እታለም ዓይኗን አጥብባ አየቻት፤ ስፌት ሲጣመም የምታየው አስተያየት ነው። "መስታወቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ስምንት።"

"የሰጠሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለሰው ስምንት፣ ለእህትሽ አራት?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም! ተይ ላስረዳሽ። አንዲት ደንበኛሽ ታማ፣ ከስታ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ስትነሳ ልኳን ወሰድሽ እንበል። ወር ቆይተሽ ስትለኪያት ወገቧ ሰፍቷል። ሰፋ ማለት ዳነች ማለት ነው? ዘንድሮ ፋብሪካው ከአልጋ የተነሳ በሽተኛ ነው። ከአምናው ይሻላል፤ በሽታው ግን መልቀቁን ማን አየ? አዲስ ብድር ወስዷል። ባለቤቶቹ ራሳቸው እየሸጡ ነው።"

"ለደንበኛዬ ግን ቀሚሱን ሰፍቼ እሸጥላታለሁ" አለች እታለም። "በሽታዋን ምን አገባኝ?"

ሹፌሩ ከጋዜጣው ጀርባ ሳቀ። ገምጋሚዋ ዞረችበት። "ምን ያስቅሃል አንተ? ገንዘቡ ሲያልቅ የምትበላው ጋዜጣውን ነው!"

"እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅም ነጥብ አለው እንዴ?"

"ተዋት፣ ተዋት" አለች እታለም። "ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ ደስ ሲለኝ ዝናብ ይዛ ነው የምትመጣው። አንተን ላገባ ስል ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?"

"ምን አለች?"

"ፍሬኑ የላላ ነው አለችኝ።"

ሹፌሩ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አሰበበት። "ልክ ናት እኮ" አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር። እታለም ግን ተነሳች፤ ጉልበቷን ስለያዛት ጠረጴዛውን ተደግፋ ነው የተነሳችው፤ ያም አናደዳት።

"እስኪ ስሚኝ አንቺ ልጅ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቀሚስ ሰፋሁ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ምረቃ፣ የሰው ሐዘን። አንቺን በዚህ ጣት አስተማርኩሽ። ዛሬ ጎረቤት ሁሉ አክሲዮን አለኝ ሲል፣ እኔ በመጨረሻ አንድ ነገር ልግዛ ስል፣ ያውም ያንቺን ቁጥር አይቼ፣ ያንቺን! አይ አራት ነው ትዪኛለሽ። ካልገዛሁ ገንዘቡን ምን ላድርገው? ፍራሽ ስር?"

"ባንክ ይቀመጥ። ሌላ እንፈልጋለን።"

"ሌላውንም ስምንት ብለሽ ማታ መጥተሽ አራት ትዪዋለሽ። አርብ ሄጄ እፈርማለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ በይኝ እንጂ አልመለስም።"

"እታለም! የእርጅናሽ ገንዘብ ነው!"

"የማን እርጅና ነው? የኔ። በይ ሂጂ፣ ሳትቀመጪ እንደመጣሽ ሳትቀመጪ ሂጂ።"

ሐሙስን ፎቅ ላይ ዋለች። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጀምራ ሦስት ጊዜ ቀደደችው፤ "በአክብሮት" የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ከታች የሰው ድምፅ፣ የማኅተም መምቻው "ጠብ፣ ጠብ" ይሰማታል። አንድ ሰው በፈረመ ቁጥር አንድ ጠብ። በምሳ ሰዓት ወርዳ ልትናገር ደረጃው ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ተመለሰች። ሥራዋ ነበር፣ የቤት ኪራይዋ ነበር፣ ዘመኗን ሙሉ ያከበረችው ሕግ ነበር። አርብ እታለም ቀዝቅዛ ትቀራለች ብላም ተስፋ አድርጋለች። እታለም ግን በሕይወቷ ቀዝቅዛ አታውቅም።

አርብ ረፋድ ላይ የሽያጩ አዳራሽ ሞልቷል። እታለም ለታናሿ ምረቃ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ የባንክ ቼኩን የያዘ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ መስኮቱ ጋ ለመድረስ ሁለት ሰው ሲቀራት ተቀምጣለች። ገምጋሚዋ ከደረጃው ስትወርድ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እታለም ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች።

ገምጋሚዋ ወደ መስታወቱ ሄደች። የወረቀቱን አንድ ጠርዝ ይዛ ጎተተችው። ማጣበቂያው ጠንካራ ስለነበር በአንድ ጊዜ አልለቀቀም፤ ቀይዋ ስምንት ከላይ ወደ ታች ተቀደደች፣ ግማሿ መስታወቱ ላይ ቀረች።

"ይሄን ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። "ገለልተኛ ገምጋሚ የተባልኩት እኔ ነኝ። ስምንቱን አትመኑት! ፋብሪካው አምና ተዘግቶ ነበር። ነጥቡ ዘንድሮን ከተዘጋበት ዓመት ጋር ነው የሚያነጻጽረው። ከጤነኛ ዓመት ጋር ስታነጻጽሩት አራት ነው።"

ምላሱ ከመስኮቱ ጀርባ ብቅ አለ። "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ይቅርታ። እትዬ ዛሬ ትንሽ አሟቸዋል።"

"አዎ አሞኛል! አንተን እያየሁ ነው ያመመኝ!"

ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ከወንበራቸው እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ዋጋው ይወድቃል ነው የምትዪን?"

"አላውቅም።"

"አታውቂም?"

"ነጥቡ የዋጋ ነገር አይናገርም አባባ። ይወጣል ይወርዳል የሚል ሰው ካለ እሱ ይዋሻል።"

ሳቅ ተነሳ። "ታዲያ ምን ልትነግሪን ወረድሽ?" አለ አንዱ ከኋላ። አንዲት ባለሱቅ ደግሞ "እኔ ይሄን ብስኩት በየቀኑ እሸጣለሁ፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው" አለች።

"ይሸጥልሽ! ባለቤቶቹ ግን እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ካላቸው ለምን ድርሻቸውን እንደሚሸጡ ጠይቂ። እዚያ መስኮት ላይ ጠይቂ፣ እኔን አይደለም።"

ባለሱቋ ወደ መስኮቱ አየች። ምላሱ ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

በዚህ መሐል እታለም ተነሳች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ በቀስታ እህቷ ፊት መጥታ ቆመች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ምኑን?"

"አምና መዘጋቱን። ስምንቱ ባዶ መሆኑን።"

"ስሙን የገለጥኩ ዕለት።"

"መቼ ነው የገለጥሽው?"

"ወረቀቱ ሳይለጠፍ። ከሳምንት በፊት።"

"እነዚህ ሰዎች ከትናንት ወዲያ ሲፈርሙ የት ነበርሽ?"

"ፎቅ።"

"ትናንትስ?"

"ፎቅ።"

"እኔ ቤት ግን ረቡዕ ማታ ደርሰሻል።" እታለም ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ የልብስ ሰፊ ድምፅ ነው፣ መርፌ አፍ ውስጥ ይዞ የሚናገር ሰው ድምፅ። "እኔ እህትሽ ባልሆን ኖሮ ዛሬ ከዚያ ደረጃ ትወርጂ ነበር?"

ገምጋሚዋ አፏን ከፈተች። በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ፣ ምላሱ ሳይቀር፣ ይጠብቅ ነበር።

"አላውቅም" አለች።

በዚህኛው "አላውቅም" ማንም አልሳቀም። እታለም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችው። "እንግዲህ ልንገርሽ። ባንቺ ነጥብ አልገዛም። ባንቺ ምክር ደግሞ አልቀርም። ዛሬ ጉልበቴን ስላመመኝ ነው የምሄደው፤ ይሄን ልብ በይልኝ።" ተራዋን ለአዛውንቱ ሰጥታ ወጣች። ገምጋሚዋ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ በክርኗ ገፋቻት።

ከእታለም ሌላ ተነስተው የሄዱት ጥቂት ናቸው፤ ባለሱቋ አንዷ ነበረች። የቀሩት ፈረሙ፣ ባለባርኔጣው አዛውንትም ጭምር። ሲፈርሙ "ልጅቷ ሐቀኛ ትመስላለች፤ ግን አላውቅም እያለች ነው እኮ" ብለው ምላሱን አጫወቱት። እኩለ ቀን ሳይደርስ የቤተሰቡ ድርሻ ተሸጦ አለቀ።

ሥራ አስኪያጁ አላባረራትም። የተባረረ ሰው ጋዜጣ ቤት ይሄዳል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት፤ "በአክብሮት" ነበር የሚጀምረው። ጠረጴዛዋን ወደ መዝገብ ቤት አዛወረው፣ ነጥብ መስጠቱን ለምላሱ ሰጠ። ምላሱ ነጥብ ሲሰጥ ስም አይሸፍንም፤ ጸሐፊዋም ሽፋን አትገነጥልም፤ ሥራው ቶሎ ያልቅለታል። ገምጋሚዋ መዝገብ ቤት ተቀምጣ አሮጌ ሪፖርቶችን በዓመት በዓመት ትደረድራለች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ላለመቅደድ ቀን በቀን ጥርሷን ትነክሳለች። ጸሐፊዋ ሻይ ይዛላት ስትገባ "እትዬ፣ እንዴት ነው እዚህ?" ብትላት "አራት" አለቻት።

እታለም ወር ሙሉ ስልክ አላነሳችላትም። ከዚያ የብስኩቱ አክሲዮን ዋጋ መውጣት ጀመረ፤ እታለምም መደወል ጀመረች። ሹፌሩ ከጋዜጣው ያነብላታል፣ እሷ ትደውላለች።

"ዛሬም ወጥቷል፣ አየሽ?"

"አየሁ።"

"ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አዲስ ጉልበት አስተክል ነበር።"

"እታለም፣ ዋጋና ጥንካሬ አንድ አይደለም፤ ስንት ጊዜ..."

"ያንቺ አራት የት ደረሰች?" ትላትና መልስ ሳትጠብቅ ትዘጋለች። ታናሽየዋ ስልኩን ይዛ፣ ጆሮዋ እየጋለ፣ መደርደሪያዎቹ መሐል ትቆማለች። እህቷ ላይ ትናደዳለች፣ ዋጋው ላይ ትናደዳለች፣ ሐሙስ ዕለት ከደረጃው የተመለሰችው እግሯ ላይ ትናደዳለች። ግን እታለም በደወለች ቁጥር የሱቁ ገንዘብ ገና ባንክ እንዳለ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ታነሳለች።

ባለፈው እሑድ እታለም ሌላ ነገር ነገረቻት። ጠብ አልነበረባትም፤ ዜና እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረችው። ፋብሪካው አዲስ ዓመታዊ ሒሳብ ሊያወጣ ነው። በዚህኛው ሒሳብ ውስጥ "አምና" የሚባለው ዓመት ፋብሪካው ሙሉውን የሠራበት ነው፤ ስለዚህ ታናሿ የምታማርርበት የለም። እታለም ነጥቡን መስታወቱ ላይ እስኪለጠፍ ጠብቃ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ የሱቁን ገንዘብ በሙሉ ልታስገባ ወስናለች።

"እታለም፣ አሁን ነጥብ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አለች እታለም። "ያ ተጫዋቹ ልጅ። እሱ ቢያንስ ማታ ቤቴ አይመጣም።"

ሒሳቡ በሚመጣው ወር መጨረሻ ላይ ይወጣል። ምላሱ ነጥቡን በማግሥቱ እለጥፋለሁ ብሏል።